ያልበሰለው ጭቃ

«ገና ነው፤ አልበሰለም» አለች ሃዊ፣ ጋሽ ወልደሰንበት ጭቃው የለበሰውን ላስቲክ ከመግለጣቸው በፊት።

ጎረቤታቸው ጋሽ ወልደሰንበት የመጡት ለምርጊት ነበር። አሮጌ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቅልለው፣ ባልዲ አንጠልጥለዋል። የሃዊ እናት ዲንቄ በጥቁር ሻሿ ግንባሯን ሸፍና በሩ ላይ ቆማለች።

«ባለፈውም ገና ነው ብለሽ ነበር» አለች ልጇን ትኩር ብላ እያየች።

«አባዬ ያስተማረው እኔን ነው። አንቺ አታውቂውም፣ እማ።»

ይህን ከተናገረች በኋላ ቆጫት። ዲንቄ ግን አልተቆጣችም። ከሐዘኑ ወዲህ መቆጣት ትታለች፤ ይህ ደግሞ ከቁጣው ይብሳል።

የሃዊ አባት ጉዲሳ ግንበኛ ነበር። ለሰው ብሎኬት ሲደረድር ይውልና ሲመሽ የሚገባው፣ ሰፈሩ እርሻ በነበረበት ዘመን አባቱ ወደሠሩት የጭቃ ቤት ነው። የሥራ ጓደኞቹ ሲያሾፉበት «ብሎኬት ይበርዳል፤ የጭቃ ቤት ይሞቃል» ይላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ብሎኬት የሚገዛበት አቅምም አልነበረውም። የጓሮው ግድግዳ ባለፈው ክረምት ከሥሩ በውሃ ተበልቶ ሲያዘም፣ አሮጌውን ጭቃ አፍርሶ ቋሚዎቹን ቀየረ፤ ማገሩንም መታ። ከዚያም አንድ እሁድ ከሃዊ ጋር አፈር ቆፍረው፣ የጤፍ ጭድ በትነው፣ ውሃ እየጨመሩ በእግራቸው ሲያቦኩ ዋሉ። እሱ በኦሮምኛ እየዘፈነ ነበር የሚረግጠው። ድምፁ ለዘፈን የተፈጠረ ባይሆንም ያንን ማንም ሊነግረው አልደፈረም።

ሲጨርሱ ጭቃውን ላስቲክ አለበሰው። «አሁን ይብሰል» አላት። «ጭዱ ሲበሰብስና ሽታው አፍንጫሽን ሲያስይዝሽ ያኔ በስሏል ማለት ነው። ሳይበስል ከመረግሽው ይሰነጠቃል። በሚቀጥለው እሁድ አብረን እንመርገዋለን።»

እሁዱ አልደረሰም። ጉዲሳ ቂሊንጦ አካባቢ ከሚሠራ ፎቅ፣ ከእንጨት መወጣጫ ላይ ወደቀ። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ከጭቃው ጉድጓድ አጠገብ ነበር። ድንኳኑ ከተነሣ ቆየ። ጭቃው ግን እዚያው ነው፤ ባዶውን የጓሮ ግድግዳም የሚሸፍነው ሸራ ብቻ ነው።

ጋሽ ወልደሰንበት ጎንበስ ብለው የላስቲኩን ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ሽታው ወዲያው ወጣ። እሳቸው ግን ቀና አላሉም። ዓይናቸው ጉድጓዱ ዳር ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ጠልቀው በቀሩ ሁለት የእግር ዱካዎች ላይ አረፈ። የቀኙ አውራ ጣት ወደ ጎን ዘመም ያለ ነው። ጉዲሳን ይህን ጣቱን ምስማር የወጋው ጊዜ ተሸክመው ጤና ጣቢያ ያደረሱት እሳቸው ነበሩ።

ላስቲኩን ቀስ ብለው መልሰው አለበሱት።

«ልጅቷ ገና ነው ካለች ገና ነው» አሉ ለዲንቄ። በሃዊ አጠገብ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሲደርስ ጥሪኝ፣ ልጄ።»

ሃዊ በየቀኑ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ላስቲኩን ትገልጣለች። ጭቃው እንዳይደርቅ በጣሳ ውሃ ትረጨዋለች፤ ዱካዎቹ እንዳይሞሉ ግን በዙሪያቸው ብቻ ነው። መቃብሩ ጋ ስትሄድ እንባዋ አይመጣም። እዚያ ያለው ስሙ ብቻ ነው። እዚህ ግን እግሩ አለ። ከተመረገ ይህም ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ አባቷ የትም አይኖርም።

ዓርብ ዕለት ጓደኛዋ ሰኪና ከአባቷ ሱቅ አዲስ ላስቲክ ይዛላት መጣች። ገና ከመድረሷ አፍንጫዋን ያዘች።

«አቦ ሃዊ፣ አልበሰለም ነው የምትያቸው? እኔ እንኳ ነቄ ነኝ።»

«ለማንም እንዳትናገሪ።»

«አልናገርም። ግን ለምን ፎቶ አታነሺውም? ከዚያ ይመረግ።»

«አንስቼው ነበር። ፎቶው ላይ ዝም ብሎ ጉድጓድ ነው የሚመስለው።»

ሰኪና ዱካዎቹን አየች። ሃዊ አጠገብ ተቀመጠችና አዲሱን ላስቲክ እንድታለብስ አገዘቻት።

በማግስቱ ጠዋት ዝናቡ ሳይታሰብ ወረደ። ነፋሱ የጓሮውን ሸራ ገንጥሎ ወሰደው፤ ውሃው በማገሩ መሐል ገብቶ የሮሪሳን ፍራሽ አራሰው። ሮሪሳ የሃዊ ታናሽ ወንድም ነው፤ ትምህርት ገና አልጀመረም። ከለቅሶው ወዲህ ሳሉ አልለቀቀውም። ዲንቄ ልብሱን አወላልቃ በአባቱ የሥራ ካፖርት ጠቀለለችውና አቀፈችው። እየሳለ ሲንቀጠቀጥ፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርድ ነበር።

«ሃዊ» አለ ሮሪሳ ከካፖርቱ ውስጥ።

«አቤት።»

«እሳት ብናነድበትስ? ጭቃው አይበስልም?»

 ልጁ ያመናት ሁሉም ስላመኗት ነው። ጭቃው እንደ ድንች የሚቀቀል መስሎት፣ ብርዱን ችሎ ሲጠብቅ ከርሟል። ሃዊ አፈረች፤ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጓሮ ወጣች። ጭቃው ዳር ተንበርክካ ላስቲኩን ገለጠች። የሰኪና ላስቲክ ጠንካራ ነበር፤ ዱካዎቹ እንደነበሩ ናቸው። አውራ ጣቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ቀኝ እግሯን አባቷ የረገጠበት ላይ አኖረች። ቦታው ለእግሯ ሰፊ ነበር፤ ቀዝቃዛም ነበር። ጥቂት ቆየችና ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት። ጭቃው በጣቶቿ መሐል ወጣ።

«እማ» ብላ ተጣራች።  «በስሏል።»

ዲንቄ ሮሪሳን አስከትላ ወጣች። ጉድጓዱ ዳር ስትደርስ ቆመች። የግራው ዱካ ገና አልተረገጠም። እናትየው ጎንበስ ብላ አየችው፤ አወቀችውም።

«ይሄን ነበር?» አለች።

ሃዊ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። የሚመጣውን ቁጣ ጠበቀች፤ ቢመጣ ደስ ይላት ነበር። ዲንቄ ግን ዱካውን በመዳፏ ሳትነካ ዳሰስ አደረገችው፣ እጇ ከላዩ አየር ላይ ብቻ እየሄደ። ከዚያ ተነሥታ የቀሚሷን ጫፍ መቀነቷ ውስጥ ሻጠች፤ ጫማዋንም አወለቀች።

«ሮሪሳ» አለች፣ ዓይኗን ከጭቃው ሳታነሣ፣ «ሂድና ጋሽ ወልደሰንበትን ጥራቸው።»

ሮሪሳ የአባቱን ካፖርት መሬት ለመሬት እየጎተተ ወደ ጎረቤት ሄደ። «በስሏል ብላለች፣ ሃዊ በስሏል ብላለች» ሲል እስከ ጓሮው ይሰማ ነበር። ዲንቄ የልጇን ክንድ ይዛ በግራው ዱካ በኩል ገባች።