አምሐ ያልጠጣው ጽዋ

ከአምሐ ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። አየር ጤና፣ የቤቴል ታክሲ ሰልፍ ላይ አልፎኝ ሊገባ ሲል «ምን ዓይነት ሰካራም ነው» አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። «ነበርኩ» አለ። «አሁን የምቸኩለው የክሊኒክ ቀጠሮ ረፍዶብኝ ነው።»

አፈርኩ፤ ቦታዬንም ለቀቅኩለት። በሳምንቱ እዚያው ሰልፍ ላይ ቦታ ይዞልኝ ጠበቀኝ። ጋራዥ ውስጥ ላሜራ የሚቀጠቅጥ፣ ትንሽ የሚያወራ፣ ሲያይ ግን ዓይኑን የማይነቅል ሰው ነው። ወደድኩት፤ ምን ልዋሽ።

ጠጪ እንደነበር ለእማዬ ደበቅኳት። አባቴን አረቄ ነው የገደለብን፤ ብትሰማ በሯን ትዘጋበታለች።

ጥቅምት ላይ የመድኃኔዓለም ጽዋ ማኅበር ተረኛዋ እማዬ ነበረች። «ያ ሊያገባሽ የሚፈልገው ልጅ ይምጣ፤ ማኅበርተኛው ይየው» አለች።

ጠላ የሞላው ጽዋ ዞሮ ዞሮ አምሐ ጋ ደረሰ። ተሳለመና ሳይቀምስ አሳለፈው። 

የማኅበሩ አለቃ አቶ ወልደ አማኑኤል «ምነው ልጄ፣ ጴንጤ ነህ እንዴ?» አሉት።

«የመድኃኔዓለምን ጽዋ የናቀ ልጄን አያገባም» አለች እማዬ፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ።

ጓዳ ጎትቼ አስገባሁት። «አንዴ ብቻ ተጎንጭላት።»

«ለእኔ አንዴ የሚባል የለም። ክሊኒክ የምታየኝ ሐኪም ነግራኛለች፤ ሰው ሲጨነቅ አንጎሉ ውስጥ ሆርሞን ይረጫል። የእኔ አንጎል ደግሞ ያን ጭንቀት በመጠጥ ማብረድ ለምዷል። አሁን እናትሽ ሲቆጡ መጠጥ አማረኝ።» 

«የሆርሞን ወሬህን ተወኝ። አባቴም ሰበብ አያጣም ነበር።»

«ሰበብ የሚያስፈልገው ለሚጠጣ ነው። እኔ አልጠጣም ነው ያልኩት።»

 ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናትሽ ጴንጤ ነው ብለው ይጥሉኝ። ጠጪ እንደነበርኩ ሰምተው የአባትሽ ቁስል ከሚነካባቸው ይሻላል» አለኝ።

እንደዚያን ቀን በራሴ ተናድጄ አላውቅም። ተመልሼ ወጣሁና በሰው ሁሉ ፊት ተናገርኩ።

«እማዬ፣ ጴንጤ አይደለም። ጠጪ ነበር፤ አቁሟል። ከቀመሰ ተመልሶ ይገባበታል። የደበቅኩሽ እኔ ነኝ።»

እማዬ አምሐን ከእግር እስከ ራሱ ለካችው። «ጴንጤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። ማንም አልሳቀም።

ቀረብ ብላ «ካቆምክ ስንት ጊዜህ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ እማማ።»

«የእሷ አባት ሳይጠጣ ሦስት ቀን ቆይቶ አያውቅም።» ፊቷን አዞረች። «ተቀመጥ። ልጄን ግን ገና አልሰጠሁህም።»

ከዚያ በኋላ እሁድ እሁድ ይመጣል፤ እማዬ በር ላይ አቁማ አፉን ታሸታለች። ይመርረዋል፣ ያፍራል፣ ግን አንድም እሁድ አልቀረም። እኔም ስንቴ ተጣላኋት።

በዓመቱ ሚዜዎቹን አስከትሎ ሊወስደኝ መጣ። እማዬ እዚያው በር ላይ በእጇ አስቆመችው። አንገቱን ስባ ዝቅ አደረገችና አፉን አሸተተችው፤ ከዚያ ጉንጩን ሳመችው።