በታፔላው ላይ የተጻፈው ስም

ታፔላ ጸሐፊው ደርቪሽ ማጅራቱን በመዶሻ ተመትቶ ቀለም ቆርቆሮው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። የዚያን ጠዋት የጨረሰው ታፔላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል።

መርማሪ ዚህኒ ታፔላውን ገልብጦ አነበበ፤ ቀለሙን በጣቱ ነካ፤ አልደረቀም። መልሶ አዞረው።

ግሪኮቹ ከሰሜን ቆጵሮስ ከወጡ ዓመት ሞልቷል። የመንደሩም የግሪክ ስም ተሰርዞ አዲስ ስም ከመንግሥት መጥቷል፤ እስከ ዓርብ ግን ምስጢር ነው።

«ለደርቪሽ በጆሮው ነገርኩት» አለ የመንደሩ ሹም ራውፍ፤ «ስሙ ያለበት ወረቀት ከእጄ አይወጣም።»

የደርቪሽ ሚስት እመቴ አላለቀሰችም። «ሲደበድበኝ ኖሯል። የምገድለው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ እቆያለሁ?»

«አዲሱን ስም ነግሮዎታል?»

«አክፕናር እያለ ሲፎክር አደረ። ማንበብ ግን አልችልም ልጄ።»

መምህር ሁስኒ ከደቡብ ተፈናቅሎ የመጣ ነው። እናቱ የተቀበረችበት መንደሩ ናርሊኮይ ስሙ እንኳ እንዲተርፍ፣ ይህ መንደር በዚያ ስም እንዲጠራ ሦስት ጊዜ አመልክቷል።

«ደርቪሽ ዘንድ መቼ ሄዱ?»

«ሳምንት አልፎኛል። ከመሃይም ጋር ምን አለኝ? እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ አልፕናር አሉት ሌላ፣ ለስም ብዬ ሰው አልገድልም።»

ዚህኒ ሦስቱንም ታፔላው ፊት ሰበሰባቸው።

«ሹም፣ የመንደሩ ስም ማነው?»

«አክፕናር። ነጭ ምንጭ።»

ዚህኒ ታፔላውን አዞረው። «አልፕናር» ይላል።

«ይሄ ደንቆሮ!» ጮኸ ራውፍ። «ቀይ ምንጭ አደረገብን!»

«ደርቪሽ በአፉ አልተሳሳተም፤ ሚስቱ ሰምታለች። የሳተው እጁ ነው፣ አንዲት ፊደል። እርስዎ ትክክለኛውን ያውቃሉ፤ እሷ አታነብም። አልፕናር የሚል ሰው ይህን ታፔላ ያነበበ ብቻ ነው፤ የተጻፈው ደግሞ ዛሬ ጠዋት ነው።» ወደ ሁስኒ ዞረ። «ቅድም አልፕናር ያልከው አንተ ነህ፣ የተማርከው።»

ሁስኒ ወደ ታፔላው ጠቆመ። «ለመንኩት። ከግርጌው በትንሹ እንኳ ናርሊኮይን ጻፍልኝ አልኩት። ‹የእናትህን አገር ስም መቃብርህ ላይ እጽፍልሃለሁ› ብሎ ሳቀብኝ።»

ቃሉን እንዲፈርም ወረቀት ሰጡት። «ነዋሪነት» በሚለው መስመር ላይ ናርሊኮይ ብሎ ጻፈ።

ዚህኒ ቀደደው። «እዚያ አትኖርም። የምትኖርበትን ጻፍ።»

በሁለተኛው ወረቀት ላይ ሁስኒ ብዙ ቆየ። ከዚያ አክፕናር ብሎ ጻፈ።

እመቴ አንገቷን አስግጋ አየች። «በትክክል ጻፈው?»

«አንድም ፊደል አልሳተም» አላት ዚህኒ።