ሎሚ ይዞ የወጣው ሰው

ክፍሉ ተቆልፎ ነበር። ሳጥኑ ግን ተከፍቶ፣ ፎቶ ከሚነሳባቸው መስታወቶች አንዱ ጠፍቷል።

መቶ አለቃ ከፋለ ከሸዋ ተዛውሮ መቐለ ከገባ ገና ሳምንቱ ነው። እንኳን ሌባው፣ የተሰረቀው ዕቃ ራሱ ግራ አጋባው።

ስዊድናዊው ዶክተር ሊንድ ረጅሙን የመስታወት ቱቦ እያሳየ አስረዳው፤ ረዳቱ አቶ ወልደጊዮርጊስ ያስተረጉማል። ቱቦው ውስጥ አሞኒያ የሚባል አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጋዝ አለ። ጣልያን ጥሎት በሄደው ማሽን የተሠራ በረዶ ከአሞሌ ጨው ጋር ዙሪያውን ተጠቅጥቆ ያቀዘቅዘዋል። ብርሃን ሲያልፍበት ጋዙ ከቀለሙ የራሱን ድርሻ ይውጣል፤ የጎደለው በፎቶ መስታወቱ ላይ መስመር ሆኖ ይቀራል። መስመሩ ጁፒተር ከምትባለው ፈለክ ብርሃን ጋር ከገጠመ፣ የእሷም አየር ይህ ጋዝ አለበት ማለት ነው።

"የዓመት ልፋቴ ነው!" አለ ዶክተሩ፤ እንባው ቀርቦ ነበር።

ከፋለ ዘበኛውን ጠራ። ኣቦይ ገብራይ ዐይናቸው ደከም ያለ ሽማግሌ ናቸው።

"ማንን አዩ፣ አባቴ?"

"ጀርባውን ነው ያየሁት፣ ጎይታይ። ጋቢ ለብሷል። ሎሚ ይዞ ወጣ።"

"ሎሚ?" ከፋለ ወደ ረዳቱ ዞረ። ወልደጊዮርጊስ መቐለ የከረመ መምህር ነው፤ እንደ እሱ የሸዋ ልጅ በመሆኑ ከፋለ አምኖታል።

"ትናንት ክፍሉ ክፍት ሳለ አንድ የወሎ ሎሚ ሻጭ መጥቶ ነበር" አለ ወልደጊዮርጊስ።

ሎሚ ሻጩ አብዱልወሃብ እኩለ ቀን ሳይሞላ ከገበያ ታስሮ መጣ።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ዙሀራ ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆመች።

"ነገ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ይድረሱልኝ፣ ጌታዬ! ወላሂ፣ እሱ ሎሚ እንጂ መስታወት አያውቅም።"

ለከፋለም ነገሩ አልተዋጠለትም ነበር፤ ሎሚ ሻጭ የጁፒተርን መስታወት ምን ያደርግለታል? ይህን ሲያብሰለስል ኣቦይ ገብራይ ለቃላቸው ሊፈርሙ ገቡ።

"አሁን ሥራ በዝቶብኛል። ነገ ቢፈርሙስ?"

"አይሆንም! ሎሚ ይሁንልኝ። ጽባሕ ገበያ አለብኝ።"

"ደግሞ ሎሚ? ሎሚን አሁን ምን አመጣው?"

ዙሀራ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቋ አመለጣት። "ጌታዬ፣ ሎሚ በትግርኛ ዛሬ ማለት ነው እኮ!"

ከፋለ ክው አለ። ዛሬ ይዞ ወጣ! ዛሬ ደግሞ ክፍሉ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው በዶክተሩና በአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው። ያ ሰው ትግርኛ እንደ ውሃ ይጠጣል፤ ቃሉንም በጆሮው ሰምቶ ዝም ብሏል።

ወልደጊዮርጊስን ቤቱ አገኘው።

"ሎሚ ምን ማለት ነው?"

መምህሩ ፊቱ ገረጣ። ከዚያ ከአልጋው ሥር በጋቢ የተጠቀለለውን መስታወት አወጣ።

"የሺወርቅ በትኩሳት ልትሞትብኝ ነበር" አለ፣ አልጋው ላይ የተኛችውን ሚስቱን እያየ። "በረዶውን ከቱቦው ዙሪያ አንስቼ ለግንባሯ አመጣሁት። ፎቶው እየተነሳ ጋዙ ሞቀ። ሲሞቅ መስመሮቹ ይለዋወጣሉ። ዶክተሩ ፎቶውን ሲያይ እንደሚያባርረኝ አውቄ ደበቅሁት።"

"ሰው ሲታሰርስ?"

መምህሩ መስታወቱን አስረከበው።

ዶክተር ሊንድ መስታወቱን ብርሃን ላይ ይዞ ቆየ። ከዚያ ሳቀ። የቀዝቃዛውን ጋዝ መስመር ከሞቀው ጋር ማስተያየት ሲመኝ፣ በረዶው እንዳይባክን ሰስቶ ጋዙን ሳያሞቀው ኖሯል!

"ለበረዶው ዶክተሩ ይቅር ብሎሃል" አለው ከፋለ ወልደጊዮርጊስን። "ለሎሚው ግን አብዱልወሃብ ይወስን። እስከዚያ እስር ቤት የእሱን ቦታ ትይዛለህ።"

አብዱልወሃብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈታ። ዙሀራ እጁን ይዛ አልለቅም አለች። ከፋለም ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሳለት፤ አፈረም፣ ደስም አለው።

"ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። ሱቅህን መቼ ትከፍታለህ?"

አብዱልወሃብ ሚስቱን አየና ፈገግ አለ።

"ሎሚ!"

በዚህ ጊዜ ከፋለ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።