ሳይቀምስ የቀዳው

ማመንና አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ ግን ከራሷ ከሮሃ አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ሮሃ ደግሞ ለቀልድ እንኳ የማትዋሽ ሰው ናት።

ጥር 2006 ዓ.ም.። መቀሌ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐዩ ገና አናት ይበሳል...

ሮሃ ሮማናት አካባቢ ትንሽ የአስጎብኚ ቢሮ ነበራት። መኪናውን የሚነዳላት ታናሽ ወንድሟ አቢ ነው። እናታቸው ደብረ ብርሃን ጠላ ጠምቃ ትሸጥ ነበር፤ ስትሞት "አቢን አደራሽን" ብላታለች።

ጠላ ቤት ያደገ ልጅ ሳይቀምስ አይሰጥም። አቢ ለእህቱ ውሃ እንኳ ሲቀዳ መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። "መርዝ የለውም፣ ጠጪ" ይላታል። ሁሌም ይሳሳቃሉ።

የዚያን ቀን ከኲሓ ወዲያ ወዳለ አንድ የፈረሰ ግቢ ሄዱ። ድሮ የስፔን ሚሲዮናውያን ወይን ተክለው የወይን ጠጅ ይጠምቁበት ነበር ይባላል። ቱሪስት ማምጣት ያዋጣ እንደሆነ ሊያዩ ነው።

ዘበኛው አቶ ኣስፋሃ በሩን ከፈቱላቸው። እሳቸው ግን አልገቡም።

"ጓለይ፣ ልጄ፣" አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ። "ወይን የሚሰጥ ሰው ካገኛችሁ... መጀመሪያ እሱ ይቅመስ። ካልቀመሰ አትንኩ።"

አቢ ሳቀ። የእኛም ቤት ሕግ ይኸው ነው አላቸው።

ገቡ። መሬቱ በድርቅ ተሰነጣጥቋል። ወይኑ ግን አረንጓዴ ነው። ፍሬው በስሎ ተንዠርግጓል...

አንዲት ወፍ እንኳ አልነካችውም።

ወደ ምድር ቤቱ ወረዱ። ከበርሜሎቹ ጀርባ ረጅም ጥቁር ቀሚስ የለበሰ ሽማግሌ ቆሟል። ከማሰሮ ወደ ዋንጫ ቀዳና ለአቢ ዘረጋለት።

"ይቅመሱ አባቴ" አለ አቢ።

ሽማግሌው ፈገግ አለ። እጁን አላጠፈም።

"አቢ... ተው፣ እንውጣ።"

"ነውር ነው ሮሃ። የሽማግሌ እጅ አይመለስም።"

ይሉኝታ የማያስደርገው ነገር የለም። ጠጣ።

ዋንጫውን ከአፉ ሲያወርድ ከበርሜሎቹ ጀርባ ማንም አልነበረም።

አቶ ኣስፋሃ በሩ ላይ ጠበቋቸው። አቢን አልጨበጡትም። ሮሃን ወደ ጎን ሳብ አድርገው፣ ሰውየው ቀምሶ እንደሆነ ጠየቋት።

ፈራች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸች። "አዎ" አለች።

አቶ ኣስፋሃ ፊታቸውን አዙረው አማተቡ።

በመንገድ ላይ አቢ ቃል አልተነፈሰም። ዘፈን ከአፉ የማይጠፋ ልጅ! ሮማናት ሲደርሱ የቅርብ ጓደኛው ከባጃጅ ወርዶ ጠራው። አቢ አላወቀውም።

ቤት ሲገቡ ሮሃ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። አቢ ወደ ጓዳ ገባ። ውሃ ሲቀዳላት ሰማች፤ ደስ አላት። ያው አቢ ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

መጣ። ብርጭቆውን ዘረጋላት።

"ቅመሰዋ" አለችው። ልትስቅ ሞከረች።

አቢ ፈገግ አለ።

እጁን አላጠፈም።

"አቢዬ... በእማዬ አጥንት። ትንሽ ብቻ ቅመስ።"

ያሳደገችው ልጅ ነው። ጥርሱ ያው፣ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳም ያው...

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቷ ኣበራሽ በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ሮሃ ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ ታለቅስ ነበር። አቢ ፊት ለፊቷ ቆሟል። እጁ እንደተዘረጋ ነው፤ ብርጭቆው እስከ አፉ ሙሉ ነው።

ኣበራሽን ሲያያት ዞረና ለእሷ ዘረጋላት።