የተሰረዙት ሁለት ጥንቸሎች

«ሰባተኛዋ ጥንቸል የታለች?» አለች ሚጡ፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ዴስክ ላይ በተዘረጋው ፖስተር የተሣለውን የዘንግ ግራፍ ጎንበስ ብላ እያየች። የሳይንስ ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው።

«ሰርዣታለሁ» አለች ጓደኛዋ ቀጮ፣ ማርከሯን ሳታስቀምጥ። «እሷና ሦስተኛዋ ነገር አበላሹብን።»

ቁጥሮቹን የሰጠቻቸው ላቦራቶሪ የምትሠራው የሚጡ አክስት ናት። ለኤችአይቪ የሚሞከሩ ሁለት ክትባቶች ለአሥር ጥንቸሎች ተሰጥተው ነበር። አምስቱ ተሠርቶ ያለቀ የቫይረሱን ፕሮቲን ተወጉ። አምስቱ ደግሞ ሰውነታቸው ፕሮቲኑን ራሱ እንዲሠራ የሚያዝዝ ዲኤንኤ። ከዚያ ደማቸው ውስጥ ያለው፣ ቫይረሱን የሚዋጋው ፀረ እንግዳ አካል ተለካ። ባመዛኙ ፕሮቲኑ በለጠ። ግን ፕሮቲን የተወጋችው ሦስተኛዋ ምንም አላሳየችም ማለት ይቻላል፤ ዲኤንኤ የተወጋችው ሰባተኛዋ ደግሞ ሁሉንም በልጣ ቁጭ አለች።

«አሁን አያምርም?» አለች ቀጮ። «ፕሮቲን አሸነፈ፣ አለቀ።»

ያምራል። ሚጡን ግራ ያጋባትም እሱ ነው። እናቷ በየጠዋቱ የኤችአይቪ መድኃኒቷን ስትውጥ እያየች ነው ያደገችው። ቀጮ ይህን አታውቅም። ክትባቱ ገና ላልተያዘ ሰው እንጂ ለእናቷ እንደማይሆን ሚጡ ይገባታል። ቢሆንም የሆነ ነገር «አሸነፈ» ሲባል መስማት ፈልጋለች።

ኮሪደር ወጥታ ደወለች።

«አክስቴ፣ ሰባተኛዋ ለምን እንደዛ ሆነች?»

«እኔስ ምን አውቄ? ደሟን ሁለቴ ደግመን ለካነው፣ ያው ነው። ጥንቸሎቹ እኛ የጠበቅነውን መች አነበቡት ብለሽ ነው?»

«ታዲያ የትኛው ይሻላል?»

«በአሥር ጥንቸል? ፕሮቲኑ ሳይሻል አይቀርም። ከዚያ በላይ አትጠይቂኝ። ምነው፣ ድምፅሽ ልክ አይደለም?»

«ምንም አልሆንኩም።» ምን እንደሆነች ራሷም አላወቀችም።

ስትመለስ ማርከሩን አነሳችና ሦስተኛዋን አጭር አድርጋ ሣለቻት። የሰባተኛዋ ዘንግ ግን ወረቀቱ አልበቃውም። ከደብተሯ አንድ ወረቀት ቀደደች።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለች ቀጮ። «ዳኞቹ ለምን ብለው ቢጠይቁንስ?»

«አላውቅም እላለሁ።»

«በሰው ፊት?»

«በሰው ፊት።»

ቀጮ ተኮሳትራ መስኮት መስኮቱን አየች። ሚጡ የተቀደደውን ወረቀት ከፖስተሩ አናት ጋር አጋጥማ በአንድ እጇ ያዘችና፣ በሌላኛው ፕላስተሩን መፈለግ ጀመረች።