የፈረሳን መርዶ

በሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ የሪያድ አቧራ ከሱወይዲ ሰፈር ጣሪያዎች ላይ ገና ሳይወርድ፣ ሲስተር ናዲራ በሀጂ አብዱረሂም ሳሎን ከሽማግሌዎች መካከል ተቀምጣ ነበር፤ ምክሩም የዘከሪያን እናት ሞት እንዴት እናርዳው የሚል ነበር። ዘከሪያ በቀይ ባሕር ውስጥ ባለችው በፈረሳን ደሴት፣ የአንድ ሆቴል ዘበኛ ሆኖ፣ ከአገሩ ሰው ርቆ ይኖራል።

«መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ ሀጂ። «ማለዳ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ወዳጅ ዘመድ ከቦት፣ ተቀምጦ ይስማ። በሰበብ ወደዚህ የሚያመጣው ሰው ያሻል።»

«ዕረፍት ላይ ነኝ፤ እኔ አመጣዋለሁ» አለች ናዲራ።

«አላህ ይባርክሽ ልጄ! መንገድ ላይ ጠርጥሮ ቢወድቅ እንኳ ነርስ አብራው አለች።»

ምስኪን ሀጂ! የነርስነቷን እንጂ የሆዷን መች ዐወቁ? ባለፈው ዓመት ኅዳር፣ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው ሐበሻ ከየሰፈሩ ሲታፈስ፣ ፉጣ በሚባለው የሪያድ ሰፈር ውስጥ ታናሽ ወንድሟ ሃምዛ የተደበቀበትን በር ለፖሊስ በጣቱ ያሳየው ይኸው ዘከሪያ ነበር፤ የራሱን ነፍስ ሊያተርፍ። ሃምዛ በጣሪያ ሊያመልጥ ሲል ወድቆ ሞተ። ዘከሪያም ናዲራ በሽተኛ መርፌ እየወጋች ሳለ ደውሎ፣ «ሃምዛ ሞቷል፤ ኸላስ፣ አለቀ» ብሎ ዘጋባት። ጥቆማውን በዓይኗ ያየች ጎረቤት ኋላ ለናዲራ ብቻ ነገረቻት፤ ናዲራም ለማንም ሳትተነፍስ ከረመች።

በማግስቱ በአውሮፕላን በወደቧ ከተማ በጂዛን ወረደች፤ ከዚያም በሴቶች ሰልፍ ቆማ ወደ ደሴቲቱ በሚሻገረው መርከብ ተሳፈረች። ለሽርሽር የወጡ ቤተሰቦች እየተሳሳቁ ፎቶ ይነሣሉ፤ እሷ ግን ባሕሩን ዞር ብላም አላየችው። ቆይ ብቻ፣ ትል ነበር በልቧ፤ ቆይ አገኝሃለሁ!

ሀጂ «ናዲራ ለዕረፍት ትመጣለችና ተቀበላት» ብለውት ኖሮ፣ ዘከሪያ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደቡ ላይ ቆሟል።

«እህቴ ናዲራ! እንኳን ደህና መጣሽ! አገር ቤት እንዴት ናቸው? የእማዬንስ ወሬ ሰምተሻል?»

ጊዜው ቀትር ነው፤ ወዛደሩ ይጯጯኻል፤ መኪናው ጡሩንባ ይነፋል።

«እናትህ ሞታለች፤ ኸላስ» አለችው፣ እንደቆመች።

ዘከሪያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ወደ መርከቡ መውረጃ ተመለከተ። መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይመጣምና፣ ሽማግሌዎቹን መፈለጉ ነበር።

«ሌሎቹስ የታሉ?» አላት።

«የሉም። የሃምዛን በር ስታሳይ፣ ሞቱንም ስታረዳኝ፣ እኔስ ማን ነበረኝ?»

ዘከሪያ የወደቡን አጥር ሊይዝ ሲል ስቶት ተንገዳገደ። የነርስ እጅ ነውና እጇ ሊደግፈው ተዘረጋ፤ ናዲራ ግን መልሳ ዓባያዋ ውስጥ ከተተችው። በዚያው መርከብ ተመለሰች። ደስ አላት፤ ምን ይደበቃል፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ! መርከቡ ከባሕሩ መካከል ሲደርስ ግን፣ እስከዚያች ቀን ወጥቶላት የማያውቀው የሃምዛ ለቅሶ ገነፈለ፤ አጠገቧ ፎቶ የሚነሡ ሴቶችም ማዕበል ያስፈራት መስሏቸው ውኃ አቀበሏት።

የዚያ ኅዳር ታሪክ ስንት ሺህ ሐበሻ በአውሮፕላን ወደ አገሩ እንደ ተመለሰ ጽፏል። ማን ማንን እንደ ጠቆመ ግን አልጻፈም፤ በፈረሳንም አንድ ዘበኛ «አይዞህ» የሚል የአገሩ ሰው አጥቶ፣ የእናቱን ለቅሶ ብቻውን እንደ ተቀመጠ የጻፈ የለም።