ውኃ የበዛበት አቮካዶ

«ነገርኩሽ እኮ፣ ይሄ አልፀደቀም!» አሉ የቤቱ ባለቤት እትዬ አመተ ሥላሴ። «እስከ ቅዳሜ ካላገገመ ነቅዬ ጌሾ እተክልበታለሁ።»

ተከራይዋ ደጊቱ ወደ ችግኙ ጎንበስ አለች። የአቮካዶው ቅጠል ቢጫ ሆኗል፤ አንዱን ነካ ብታደርገው እጇ ላይ ቀረ። ችግኙን የተከለችው ከጓደኛዋ ከሀይማኖት ጋር ነበር። ሁለቱም ከስማዳ ገጠር መጥተው፣ ወገዳ ከተማ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ቀላቅለው እየበሉ ይማሩ ነበር። በመሀል የሀይማኖት አጎት መጥተው ባሕር ዳር ወሰዷት። ጠባቧ ክፍል አለቅጥ ሰፋች። ደጊቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታዋራው ሰው የላትም፤ ብቸኝነቱ አንገቷ ድረስ ደርሷል። ስለዚህ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ችግኙ ትሄዳለች፤ እያጠጣች ውሎዋን ታወራለታለች። ወሬዋ ካላለቀ ሌላ ጀሪካን ትደግማለች።

የጎረቤት ባለሱቅ ልጅ ሩቅያ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለች። ትምህርት ቤት የሚማሩት አንድ ክፍል ነው።

«ደጌ፣ የሒሳቡን ወርክሺት አብረን እንሥራው? እኛ ቤት ነይ።»

«ችግኝ ላጠጣ ነው።»

«ሁሌ ችግኝ! አግብተሽዋል እንዴ?» ሩቅያ ስቃ ሄደች።

ደጊቱ ልታጠጣ ስትጎነበስ የትናንቱ ውኃ ገና ከግንዱ ሥር አልሰረገም። አፈሩን በጣቷ ጫር ጫር አደረገች። ጭቃው ይሸታል። አንዱን ቀጭን ሥር ብትስበው ጠቁሮና በስብሶ ወጣ።

ደነገጠች። የገበሬ ልጅ ሆና! አባቷ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ በሚቋጥረው የዋልካ ማሳ ላይ የውኃ መውረጃ ፈሰስ የሚያወጡት፣ ውኃ የተኛበት እህል ቢጫ ስለሚሆን አይደል? ራሷን ልትረግም ቃጣት። ዶማ አምጥታ ከግንዱ እስከ ቁልቁለቱ ቦይ መቅደድ ጀመረች።

«ምን እየቆፈርሽ ነው?» አሉ እትዬ አመተ ሥላሴ ከቤት ብቅ ብለው።

«ፈሰስ እያወጣሁለት ነው፣ እትዬ። ውኃ ያበዛሁበት እኔ ነኝ። እስከ ቅዳሜ አይደርስም፤ እስከ ፋሲካ ይታገሡኝ።»

እትዬ አመተ ሥላሴ ሥሩን አዩ፣ እሷን አዩ። «ማርም ሲበዛ ይመራል» አሉ። «እሺ፣ እስከ ፋሲካ። ከዚያ ወዲያ ግን ጌሾ ነው!»

በማግሥቱ ደጊቱ እንደ ልማዷ ጀሪካኑን ሞልታ ወጣች። አፈሩ ገና እርጥብ ነው። ጀሪካኑን አስቀመጠች፤ ወደዚያች ክፍል ተመልሶ መግባት ግን ጨነቃት። ሩቅያ ደግሞ ትናንት እምቢ ስላለቻት ተቀይማ ሊሆን ይችላል።

የሒሳብ ደብተሯን አውጥታ ወደ አጥሩ ተጠጋች።

«ሩቅያ!» አለች ጮክ ብላ። «አለሽ?»